ደጀን «ዳጀን» እንዳይሆን፦ በቬክተር ሶፍትዌር ቅርጽና ፊደል የማጉበጥ አሠራር

አንድ የሚኒባስ ባለቤት ለኋላ መስታወቱ «ደጀን» የሚል ስቲከር አዘዘኝ። ከላይ ቀጥ ያለ፣ ከታች መሐሉ ላይ ቦርጭ ያወጣ ጽሑፍ ነበር የፈለገው። ሠርቼ፣ ቆርጬ ለጠፍኩለት፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምር ነበር። በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ አካባቢ አገኘኝና «ወንድሜ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዳጀን የት ነው እያለ ይስቅብኛል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም «ዳጀን» ይላል።

ጥፋቱ የኔው ነበር። የላቲን ፊደል ቢጎብጥም ቢወላገድም አብዛኛውን ጊዜ ያው ራሱ ሆኖ ይነበባል። የኛ ፊደል ግን ግዕዙን ከራብዑና ከሳብዑ የሚለየው ብዙ ጊዜ የእግር ርዝመት ብቻ ነው። ደ ቀኝ እግሩ ሲረዝም ዳ፣ ግራ እግሩ ሲረዝም ዶ ይሆናል። በ፣ ባ እና ቦም እንደዚያው ናቸው። የአንድ ቃል የታችኛው ጠርዝ መሐል ላይ ወደ ታች ሲለጠጥ፣ ከመሐል በስተግራ ያሉት ፊደሎች ቀኝ እግራቸው ይረዝማል፤ በስተቀኝ ያሉት ደግሞ ግራ እግራቸው። በዚህ አካሄድ «ከበደ» ብላችሁ የጻፋችሁት «ካበዶ» ሆኖ ይወጣል። ሶፍትዌሩ አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ የሚያውቀው ነጥብና መስመር ብቻ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ቅርጽ ስለ ማጉበጥ ቢሆንም፣ በየመሐሉ ወደ ፊደል እየተመለስኩ ነው የምጽፈው። ምሳሌዎቹ ባሕር ዳር ውስጥ ከምሠራባት ትንሽ የኅትመት ሱቅ የመጡ ናቸው፦ የማር ዕቃ መለያ፣ የታንኳ ሥዕል፣ የፈረሰኞች ቲሸርት፣ የጥበብ ጥለት።

በየትኛው ሶፍትዌር?

ደረጃ በደረጃ የማሳየው በኢንክስኬፕ ነው፤ የቬክተር፣ ማለትም ሥዕልን በነጥብና በመስመር የሚይዝ መሣያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በፈቃደኞች እየተሠራ የቆየ ሲሆን 1.0 የተባለው እትሙ በ2020 ወጥቷል። አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ይህ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። በኢለስትሬተርና በኮረልድሮው ለምትሠሩ መጨረሻ አካባቢ አጠር አድርጌ አቻውን አስቀምጣለሁ። የሜኑ ስሞችን በእንግሊዝኛው አጠራር በጥቅስ ውስጥ ጽፌያቸዋለሁ፤ ስክሪናችሁ ላይ የምታዩት እነሱኑ ነውና።

መጀመሪያ መወሰን ያለበት፦ ይጉበጥ ወይስ ይሰለፍ?

ደንበኛ «ክብ አድርገህ ጻፍልኝ» ሲል ከሁለት ነገሮች አንዱን ማለቱ ነው። አንደኛው፣ ፊደሎቹ ራሳቸው ሳይበላሹ በክብ መስመር ላይ እንዲቆሙ ነው፤ ልክ ሰዎች እሳት ዙሪያ እንደሚቆሙት። ሁለተኛው፣ ፊደሎቹ ራሳቸው እንዲጎብጡ ነው፤ እንደ ቀርከሃ።

ለማኅተም፣ ለአርማና ለማንኛውም ትንንሽ ፊደል ላለበት ሥራ የመጀመሪያው ይሻላል። አሠራሩም አጭር ነው፦ ጽሑፉን ጻፉ፣ ክብ ሳሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ምረጡና «ቴክስት» ሜኑ ውስጥ «ፑት ኦን ፓዝ» የሚለውን ጫኑ። ጽሑፉ በክቡ ላይ ይሰለፋል፤ አሁንም ጽሑፍ ስለሆነ ፊደል ቢሳሳት ገብታችሁ ታርሙታላችሁ። የሚጀምርበትን ቦታ ለመቀየር ክቡን አዙሩት። የታችኛው ረድፍ ተገልብጦ ከመጣ ለእሱ ሌላ ክብ ሳሉለት፣ ወደ ፓዝ (ነጥቦቹን ልትነኩ ወደምትችሉት መስመር) ቀይሩት፤ አሠራሩ ከታች «ዝግጅት» ላይ አለ፣ ከዚያ «ፓዝ» ሜኑ ውስጥ ያለውን «ሪቨርስ» ተጠቀሙ። በፊደሎቹ መሐል ያለውን ክፍተት ለማስተካከል ከፊደሉ ፊት ጠቋሚውን አድርጋችሁ ኦልት ይዛችሁ የቀስት ቁልፎቹን ተጫኑ። ማኅተምን ካነሳን አይቀር፣ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ያለ ደብዳቤ አልሠራም፤ እናንተም አትሥሩ።

ትልልቅ ፊደል፣ ሥዕል፣ ጥለት፣ መለያ ሲሆን ግን ማጉበጡ ይመጣል።

ዝግጅት

ጉብጠት የመጨረሻው ሥራ ነው። ቀጥ ያለውን ጨርሱ፣ ፊደሉን አርሙ፣ ቀለሙን አስማሙ፤ ከዚያ ነው ማጉበጥ። ከመጀመራችሁ በፊት ቀጥ ያለውን ኮፒ አድርጋችሁ ከገጹ ውጭ አስቀምጡት። ደንበኛ ሁልጊዜ ስልክ ቁጥሩን የሚቀይረው ከጎበጠ በኋላ ነው።

ጽሑፍ ከሆነ ምረጡትና ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ሲ ተጫኑ፤ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» ማለት ነው። አሁን ፊደሉ ፊደል መሆኑ ቀርቶ ቅርጽ ሆኗል። ውጤቱ የተናጠል ፊደሎች ስብስብ ስለሆነ እንደ አንድ ቅርጽ ልትይዙት ከፈለጋችሁ ስብስቡን በኮንትሮል፣ ሺፍት እና ጂ በትኑና በኮንትሮል እና ኬ አዋሕዱት። ሲዋሐድ ሁሉም አንድ ቀለም ይሆናል። ብዙ ቀለም ካለው በስብስብነቱ ተዉት፤ እንደ ስብስብም ይጎብጣል።

ሦስት ነገሮች ግን አይጎብጡም፣ ቢጎብጡም እንደምትጠብቁት አይደለም። የመስመር ውፍረት አንዱ ነው፦ ቅርጹ ሲጎብጥ የጠርዙ መስመር ውፍረት እዚያው እንዳለ ይቀራል። ውፍረቱም አብሮ እንዲለጠጥ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ በኮንትሮል፣ ኦልት እና ሲ መስመሩን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ሁለተኛው ግሬዲየንት፣ ማለትም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሻገር ቀለም ነው፤ ቀለሙ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ቅርጹ ብቻ ይሄዳል። ሦስተኛው ፎቶ ነው። ፎቶ ቬክተር ስላልሆነ አይነካም፤ መጀመሪያ በ«ትሬስ ቢትማፕ» ወደ ቬክተር መቀየር አለበት።

የመጀመሪያው ልምምድ፦ ታንኳ

የጣና ታንኳ ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። ደንገሉ ተነቅሎ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ሲያልቅ ቀጥ ያለ ጥቅል ነው፤ አፍንጫው ወደ ላይ ሲቀለበስ ነው ታንኳ የሚሆነው። በስክሪን ላይም እንደዚያው እንሠራዋለን።

1. አግድም ረዥም ቅርጽ ሳሉ፤ ለምሳሌ 16 ሴንቲ ርዝመት፣ 2 ሴንቲ ቁመት። በቀኙ ጫፍ አቅጥኑት። በውስጡ ደንገሉን የሚያሳዩ ቀጫጭን አግድም ቅርጾች፣ በየተወሰነ ርቀት ደግሞ ማሰሪያውን የሚያሳዩ ቀጥ ያሉ ሰንበሮች ጨምሩ። ሁሉንም ወደ ፓዝ ቀይራችሁ በኮንትሮል እና ጂ ሰብስቧቸው።

2. «ፓዝ» ሜኑ ውስጥ «ፓዝ ኢፌክትስ» ክፈቱ፤ አቋራጩ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና 7 ነው። በቆዩት እትሞች የመደመር ምልክቷን፣ በአዲሶቹ ከላይ ያለውን መፈለጊያ ሳጥን ተጠቅማችሁ «ቤንድ» የሚለውን ጨምሩ። ምንም የተለወጠ ነገር አታዩም፤ አትደንግጡ።

3. «ቤንድ ፓዝ» ከሚለው አጠገብ ካሉት ትንንሽ አዶዎች የማስተካከያዋን ጫኑ። በቅርጹ ወገብ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አረንጓዴ መስመር ይወጣል። ይህ የቅርጹ አከርካሪ ነው። አከርካሪውን ስትጎትቱት ሥጋው ይከተላል።

4. ታንኳው በሙሉ እንደ ሙዝ እንዲጎብጥ አንፈልግም፤ አፍንጫው ብቻ ነው የሚቀለበሰው። ስለዚህ መስመሩ ላይ፣ ከርዝመቱ ሦስት እጅ ሁለቱ ያለቀበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጋችሁ ኖድ (የመስመር ነጥብ) ጨምሩ። ግራውን ክፍል ቀጥ እንዳለ ተዉት፤ የቀኙን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ፣ ከዚያ እጀታዎቹን አስተካክሉ።

እጀታ ያልኩት ከኖዱ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ቀጫጭን ክንፎች ነው። እያንዳንዱ የመስመር ቁራጭ ሁለት ጫፍና ሁለት እጀታ አለው፤ ኩርባው የሚወሰነው በእነዚህ በአራቱ ብቻ ነው። ነገሩ የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ነው፦ በፈረንሳይ ፖል ደ ካስተልዦ ሲትሮየን ውስጥ፣ ፒየር ቤዚየር ደግሞ ሬኖ ውስጥ፣ የመኪና አካልን ኩርባ በሒሳብ ለመያዝ ሲደክሙ ያገኙት ነው። ስሙ ለቤዚየር ወጣ፤ ደ ካስተልዦ ግን በ1959 ቀድሞት ነበር። ለእጃችን የሚጠቅመው ሕግ ይህ ነው፦ እጀታው የቁራጩን ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን ኩርባው ለስላሳ ይሆናል። በጣም ሲያጥር ክርን ይሠራል፣ በጣም ሲረዝም ይቋጠራል።

5. አሁን የአፍንጫውን ኩርባ ከልክ በላይ ጠባብ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ሆን ብላችሁ። ከውስጥ በኩል ደንገሉ እርስ በርሱ ሲታጠፍና ሲደራረብ ታያላችሁ። የኩርባው ራዲየስ ከቅርጹ ቁመት ግማሽ ካነሰ ይህ መሆኑ አይቀርም። የኛ ታንኳ 2 ሴንቲ ቁመት ስላለው ከ1 ሴንቲ ያነሰ ራዲየስ አይችልም። መፍትሔው ኩርባውን ማስፋት፣ ወይም መጀመሪያ ላይ እንዳደረግነው በሚቀለበስበት በኩል ቅርጹን ማቅጠን ነው። ታንኳ ሠሪዎቹ አፍንጫውን የሚያቀጥኑት ለምን እንደሆነ እኔ የገባኝ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

አከርካሪውን ስታረዝሙት ቅርጹም አብሮ ይለጠጣል፤ ቁመቱ ግን አይነካም። ስለዚህ ሥዕሉ የተለጠጠ ከመሰላችሁ የአረንጓዴውን መስመር ርዝመት አሳጥሩ። ቁመቱን ለብቻ ለመለወጥ «ዊድዝ» የሚለው ቁጥር አለ። ቅርጹ ተዘቅዝቆ ከመጣ የአከርካሪው አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ሆኗል ማለት ነው።

የማር ዕቃው መለያ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ብዙ ሰው በግምት ስለሚሠራው ነው። ማር የሚሸጥባቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች አብዛኞቹ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያሉ ናቸው። ቀጥ ያለ መለያ ስትለጥፉባቸው አንዱ ጠርዝ ይሸበሸባል ወይም መለያው እንደ መቀነት ጠመም ብሎ ይዞራል፤ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም። እንዲህ ላለው ዕቃ ልክ የሚሆነው መለያ መሬት ላይ ሲዘረጋ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ መሆን አለበት። የጉብጠቱን ልክ ደግሞ ዓይን አይደለም የሚነግራችሁ፤ ማስመሪያ ነው።

ሦስት ነገር ለኩ። መለያው የሚጀምርበት የላይኛው ስፋት ከዳር እስከ ዳር፣ የሚያልቅበት የታችኛው ስፋት፣ እና በሁለቱ መሐል በግድግዳው ላይ ተጋድሞ ያለው ቁመት። ቁመቱን በአየር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትለኩ፤ ማስመሪያው የዕቃውን ገላ ይንካ። ለምሳሌ ላይኛው 8 ሴንቲ፣ ታችኛው 6 ሴንቲ፣ ቁመቱ 9 ሴንቲ ሆነ እንበል።

የውጨኛው ራዲየስ ቁመቱን በላይኛው ስፋት አባዝቶ ለሁለቱ ስፋቶች ልዩነት ማካፈል ነው፦ 9 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ2፣ 36 ሴንቲ። ከዚህ ላይ ቁመቱን ስትቀንሱ የውስጠኛውን ታገኛላችሁ፤ 27 ሴንቲ። ወገቡ የሁለቱ አማካይ ነው፤ 31.5 ሴንቲ። ማዕዘኑ ደግሞ 180ን በስፋቶቹ ልዩነት አባዝቶ ለቁመቱ ማካፈል ነው፦ 180 ሲባዛ በ2፣ ሲካፈል ለ9፣ 40 ዲግሪ።

ለማረጋገጥ፦ የላይኛው ክብ ዙሪያ 8 ሲባዛ በ3.14፣ ወደ 25.1 ሴንቲ ነው። የ36 ሴንቲ ራዲየስ የ40 ዲግሪ ቅስት ርዝመትም 25.1 ነው። ገጠመ።

አሁን ወደ ሥራው። የ«ቤንድ» አከርካሪ የሚያልፈው በቅርጹ ወገብ ስለሆነ ቀጥ ያለው መለያ ርዝመቱ የወገቡ ዙሪያ መሆን አለበት፤ አማካይ ስፋቱ 7 ሴንቲ ነው፣ ዙሪያው ወደ 22 ሴንቲ። ስለዚህ 22 በ9 ሴንቲ የሆነ አራት ማዕዘን መደብ ሳሉ፣ ጠርዙ መስመር አይኑረው። በላዩ ላይ ስሙን፣ ንቡን፣ ክብደቱን፣ የታሸገበትን ቀን አሰናዱ። ጽሑፉን ሁሉ ወደ ፓዝ ቀይሩ፣ ከመደቡ ጋር ሰብስቡ። መደቡ በስብስቡ ውስጥ መኖሩ ግዴታ ነው፤ ከሌለ ሶፍትዌሩ ልኩን የሚወስደው ከጽሑፉ ጫፍ እስከ ጽሑፉ ጫፍ ነውና ሒሳባችሁ ይፈርሳል።

አከርካሪውን በእጅ አትጎትቱ፤ በልክ ሳሉት። የክብ መሣሪያውን ያዙ፣ አንድ ክብ ሳሉ፣ ከላይ ባለው አሞሌ «አር ኤክስ» እና «አር ዋይ» ላይ 315 ሚሊሜትር ጻፉ። «ስታርት» ላይ 250፣ «ኤንድ» ላይ 290 ጻፉና ክፍት ቅስት የሚያደርገውን አዶ ምረጡ። 270 የክቡ አናት ስለሆነ ከግራና ከቀኝ 20፣ 20 ዲግሪ ወሰድን ማለት ነው። ይህን ቅስት ወደ ፓዝ ቀይሩት፣ በኮንትሮል እና ሲ ኮፒ አድርጉ። ከዚያ ስብስቡን መርጣችሁ «ቤንድ» ጨምሩና «ቤንድ ፓዝ» አጠገብ ያለውን የመለጠፊያ አዶ ጫኑ። መለያው በአንዴ ይቀለበሳል።

ከላይ በኩል ያለው ጽሑፍ 14 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ከታች ያለው በዚያው መጠን ይጠባል። ዕቃው ላይ ሲለጠፍ ዓይን ይህን ብዙም አያየውም። ቢሆንም ትንንሾቹን ጽሑፎች ወደ ወገቡ ብታቀርቧቸው ጥሩ ነው፤ እዚያ ምንም አይለጠጡም።

ለሙጫ መደራረቢያ የሚሆን ማዕዘን ጨምሩ። 2 ዲግሪ ወገቡ ላይ 1.1 ሴንቲ ይሰጣል፤ ስለዚህ ቅስቱ ከ249 እስከ 291፣ መደቡ ደግሞ 23.1 ሴንቲ ይሁን፣ ጭማሪው በአንድ ጎን ባዶ ሆኖ። ወረቀት ለመቆጠብ፦ ሁለቱን መለያዎች እንደ ሰሃን አንዱን ካንዱ ሥር ወደ 9 ሴንቲ ተኩል ዝቅ አድርጋችሁ ብታስቀምጧቸው አንድ ኤ4 ላይ በአግድሙ ሁለት ይወጣል። ፕሪንተራችሁ የሚተወው ነጭ ጠርዝ ሰፊ ከሆነ ግን አይበቃም። መጀመሪያ በተራ ወረቀት አትማችሁ ዕቃው ላይ ጠቅልሉት። ስቲከር ወረቀት ዛሬ በዋዛ የሚጣል አይደለም።

እንደ ባንዲራ ማውለብለብ

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ያከብራል። ጥር ሲገባ እንጅባራና አካባቢው የቲሸርት ትእዛዝ ይበዛል፤ ብዙው ደግሞ ጽሑፉ እንደ ሰንደቅ እንዲውለበለብ ነው የሚፈልገው። እዚህ ላይ «ቤንድ» አይሆንም። «ቤንድ» ቅርጹን ከአከርካሪው ጋር ያዘነብለዋል፤ ባንዲራ ግን ቢውለበለብም ቋሚ መስመሮቹ ቋሚ እንደሆኑ ናቸው።

«ኢንቨሎፕ ዲፎርሜሽን» የሚለውን ተጠቀሙ። ቅርጹን በአራት መስመሮች፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ያጥረዋል። የግራና የቀኙን ምልክት አንሱ። የላይኛውን መስመር ለማስተካከል ክፈቱና ከግራ ሲሶው ላይ ወደ ላይ፣ ከቀኝ ሲሶው ላይ ወደ ታች እጠፉት። የታችኛውንም ልክ በዚያው መጠን። ሁለቱ መስመሮች ትይዩ እስከሆኑ ድረስ የፊደል እግር እርስ በርሱ አይረዝምም አያጥርምም፤ ከግርጌ ትንሽ ያዘነብላል እንጂ ከራሱ ጋር ያለው ቁመት ይጠበቃል። ችግር የሚመጣው አንዱ መስመር ሲታጠፍ ሌላው ቀጥ ሲል ነው፤ ያ ነው ደጀንን ዳጀን ያደረገው።

ታዲያ ደንበኛው ከታች ቦርጭ ያለው ካልሆነ ብሎ ሙጭጭ ሲልስ? እንዲህ አድርጉ፦ ጽሑፉን ወደ ፓዝ ቀይራችሁ በትኑ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ መርጣችሁ የታችኛውን መሐለኛ ቀስት ወደ ታች ጎትቱ፤ መሐል ላይ ያሉትን ብዙ፣ ዳር ያሉትን ጥቂት። የእያንዳንዱ ፊደል ሁለት እግር እኩል ሆኖ ይቀራል፣ ቃሉ በጠቅላላው ግን ቦርጩን ያወጣል። ልክ እንደ ደረጃ ነው፤ ከአምስት ሜትር ርቀት ኩርባ ነው የሚመስለው። ለሚኒባሱ በዚህ መንገድ በነፃ ደግሜ ሠራሁለት።

ጥለት በክብ ዙሪያ

የጥበብ ጥለት ወይም የመሶብ ስፌት በክብ ማስኬድ ስትፈልጉ አንዱን አሀድ ብቻ ሳሉ። ወደ ፓዝ ቀይራችሁ ኮፒ አድርጉት። ክብ ሳሉና እሱንም ወደ ፓዝ ቀይሩ፣ «ፓተርን አሎንግ ፓዝ» ጨምሩ፣ ጥለቱን ለጥፉበት። ከአማራጮቹ «ሪፒትድ፣ ስትሬችድ» የሚለውን ውሰዱ፤ አሀዶቹን ሳይቆራርጥ ዙሪያውን ይሞላል። «ሪፒትድ» ብቻ የሚለው መጨረሻ ላይ ክፍተት ሊተው ይችላል። አሀዱ አንድ ቀለም ብቻ እንዲሆን ይገደዳል፤ ለባለ ሦስት ቀለም ጥለት ሦስት ጊዜ መሥራት ነው።

«ላቲስ ዲፎርሜሽን 2» እና «ፐርስፔክቲቭ ኢንቨሎፕ» የሚባሉም አሉ። የመጀመሪያው ቅርጹን በብዙ ነጥቦች እንደ መረብ ይዞ ያወላግዳል፤ ሁለተኛው አራቱን ማዕዘን እየጎተተ የርቀት መልክ ይሰጣል። በእነዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚያንቀሳቅሱት ኖዶችን ነው። መሐሉ ላይ ኖድ የሌለው ረዥም ቀጥ ያለ መስመር ጫፍና ጫፉ ይሄዳል እንጂ አይጎብጥም። አስቀድማችሁ በኖድ መሣሪያው ሁሉንም ምረጡና ኢንሰርት ተጫኑ፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ መሐል አንድ ኖድ ይጨመራል። ሁለት ጊዜ ብትጫኑ በቂ ነው።

በኢለስትሬተርና በኮረልድሮው

ኢለስትሬተር ውስጥ «ኢፌክት» ሜኑ ሥር «ዋርፕ» አለ፤ 15 የተዘጋጁ ዓይነቶች ይዟል። «አርክ» ለተራ ጉብጠት፣ «ፍላግ» ለማውለብለብ ነው። የጉብጠቱ መጠን ከ100 ሲቀነስ እስከ 100 በመቶ ይሄዳል። ፊደላችንን የሚያበላሹት «አርክ ሎወር»፣ «ሼል ሎወር» እና መሰሎቻቸው ናቸው፤ ተጠንቀቋቸው። ጥሩ ጎኑ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ መቆየቱ ነው፤ ከጎበጠ በኋላም ታርሙታላችሁ። የራሳችሁን ቅርጽ ለመስጠት «ኦብጀክት» ሥር «ኢንቨሎፕ ዲስቶርት» ገብታችሁ «ሜክ ዊዝ ቶፕ ኦብጀክት» በሉ፤ ከላይ ያስቀመጣችሁት ቅርጽ የታችኛውን በራሱ መልክ ያደርገዋል። ሲያልቅ «ኤክስፓንድ» አድርጉ።

ኮረልድሮው ላይ «ኢንቨሎፕ» የሚባለው መሣሪያ በቅርጹ ዙሪያ ባለ ኖድ ነጠብጣብ አጥር ያወጣል፤ እሱን መጎተት ነው። ስትጨርሱ ኮንትሮል እና ኪው ተጫኑ፤ ጉብጠቱ ይጸናል።

ወደ መቁረጫ ከመላካችሁ በፊት

ኢንክስኬፕ ላይ የጎበጠውን መርጣችሁ እንደገና ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ሲ ተጫኑ፤ ጉብጠቱ ይጸናል፣ ኢፌክቱም ይጠፋል። ስለዚህ ይህን የምታደርጉት በኮፒው ላይ ነው። ፋይሉን ከዚያ በፊት በኮንትሮል እና ኤስ አስቀምጡ፤ መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ኖዶቹን እዩ። «ቤንድ» ብዙ ኖድ የመፍጠር ልማድ አለው፤ ኖድ ሲበዛ የስቲከር መቁረጫው ቢላ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፣ ጠርዙም የአይጥ ጥርስ ይመስላል። ኮንትሮል እና ኤል አንድ ጊዜ ብትጫኑ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ብቻ። በተከታታይ ቶሎ ቶሎ ከተጫናችሁ ኃይሉ እየጨመረ ይሄድና የፊደሉን ማዕዘን ሁሉ አድቦልቡሎ እንደ ቀለጠ ሻማ ያደርገዋል።

በትክክለኛው መጠን በተራ ወረቀት አትሙና ቃሉን ላላየ ሰው አሳዩት። «እዚህ ላይ ደጀን ይላል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዎ ይላችኋል። «ምን ይላል?» በሉት። ካመነታ ወደ ኖድ መሣሪያው ተመለሱና የተጣላውን ፊደል ሁለት እግሮች በእጅ እኩል አድርጉ።

ስቲከሩ ከመስታወቱ ውስጥ በኩል የሚለጠፍ ከሆነ ሁሉንም ምረጡና ኤች ተጫኑ፤ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ ከውጭ ሲያዩት ቀጥ ብሎ ይነበባል። ከውጭ የሚለጠፍ ከሆነ ተዉት። የትኛው እንደሆነ ባለመኪናውን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።